«ጠ»

ሦስት ወር አስተማርኳት፣ ሆጤ፣ ከቆርቆሮው ቤት፣
«ጠ» ብዬ ስጀምር «ተ» እያለችበት።
ባሏማ ይብሳል፤ እሑድ ቆሞ ሲያስተምር
«ጌታ መጣ» ሊለን፣ «ጌታ መታ» ሲል ነበር፤
«ማንን መታ?» ይላል ከኋላ ወንበር ይመር።
ሲግሪድ ትስቃለች፤ ስቃ ዝም ትላለች፤
የመርከብ ሣጥኗን ገና አልፈታች።

ነሐሴ። ጦሳ ጉሙን በሆጤ ላይ ለቀቀ፤
አጥሩም፣ መንገዱም፣ የመስጊዱ ጫፍም ራቀ።
የአምስት ዓመቷ ማሪት ከደጅ የለችም፤
እናቷ ወጣች፤ ጫማም አላደረገችም።

«ልጄ ጠፋች!»
«ጠ»ዋ ከጉሮሮዋ እንደ ጠጠር ተስፈነጠረ፤
ሆጤ ውስጥ በሩን ያልከፈተ አልነበረ።
ባትሪ የያዘ፣ ዱላ የያዘ፣ ገና ሶላቱን የጨረሰ፣
«ማሪትዬ! ማሪትዋ!» እያለ ጉሙን አመሰ።

የዘምዘም ጓዳ ነበረች፣ ከግልገል ጋር ተጋድማ፤
«ቀስ በሉ እንጂ፣ ተኝቷል!» አለች በወሎዬ ዜማ።

ማታ ሣጥኑን ፈታን፤ ምስማሩ ዝጎ ነበር።
ጧት ደብተሬን ይዤ፣ ገና ደፏን ስሻገር፣
«ቴና ይስትልኝ» አለችኝ።
አላረምኳትም።