ራይት

ሼፊልድ ሰባት ኮረብታ፥ ሼፊልድ ዳገት ቁልቁለት፤
ከሌሊት ሥራ ወጥቼ፥ ዓይኔን እንቅልፍ ሞልቶት፥
ከኮሊን መኪና ገባሁ፥ መሪ ልጨብጥ በአርባ ዓመት።

ቀበቶውን ስቦ አሰረ፤ ጉልበቱን በመዳፉ መታ፤
«ራይት» አለ፥ አንዲት ቃል፥ ያለ ሌላ ሐተታ።
እኔ የማውቀው ራይት ቀኝ ነው፥ በመዝገበ ቃላት የተፈታ፤
ወደ ቀኝ ጠመዘዝኩት፥ ሳላቅማማ በአንድ አፍታ።
የሰው ቆሻሻ ባልዲ ገጭ፤ ቁልቁለቱን ተንከባሎ ሲንጋጋ
ኮሊን ፍሬኑን ረገጠ። ዝናቡን አዳመጥን፥ ልባችን እስኪረጋጋ።

«ቀኝ ማለቴ አይደለም» አለኝ፥ ጢሙን በጣቱ ነክቶ፤
«እንጀምር ማለቴ ነው።» ወርጄ ለቀምኩት፥ የድንች ልጣጭ መንገዱን ሞልቶ።

ከዚያ ወዲያ ቃሉን ቆጠርኩ፥ እንደ አራጣ አበዳሪ፤
«ራይት?» ሲል ደኅና ነሽ ወይ ነው፤ መልሱም «ራይት» ነው፥ አትዘርዝሪ።
አንዴ የጠየቀኝ መስሎኝ፥ የወገቤን፥ የኪራዬን፥ የእህቴን ነገር
አንድ በአንድ ስተርክለት፥ ሁለት አረንጓዴ መብራት አለፈን፥
ከኋላችን ጡሩንባ ሲነፋ፥ እኔ ገና ስናገር።

ልክ ሲሆን ራይት ነው። መስቀለኛው ላይ ቅድሚያ ያለው
«ራይቱ የሱ ነው፥ ልቀቂለት» ይላል፤ መንገድም ባለቤት አለው።
በጥር ደግሞ «ብርዱ ራይት ነው» አለኝ፥ መስኮቱን ሲዘጋ፤
ትክክለኛ ብርድ መስሎኝ ሳቅሁ፥ የተሳሳተ ብርድ ስፈልጋ።
ለካ «እጅግ» ማለት ነው፥ በነሱ ሠፈር፤
ለንደኖች አይሉትም አለኝ፥ እንደ ርስቱ ሲናገር።

አንድ ሌላ ራይት አለ፥ እሱን ከኮሊን አልተማርኩትም፤
ስድስት ዓመት ፖስታ ጠብቄ፥ ሲመጣ አንድ መስመር ነው፥ አንድ ማኅተም፦
«የመሥራት ራይት አላት።» እጄን ገልብጬ አየሁት፤
ያው የድሮው እጅ ነው፤ ምንም አልተጨመረበትም።

እኛም «ቀኝ አውለኝ» እንላለን፥ ከቤት ስንወጣ በማለዳ፤
መንገድ የጠፋው «ግራ ገባኝ» ይላል፤ ግራ ምን አለበት ዕዳ?
ይህን ለኮሊን ብነግረው የሻይ ኩባያውን አሳየኝ፤ ለካ ግራኝ ነው፤
መምህሩ በማስመሪያ ጠፍጥፎት ነበር፥
ራይት እንዲሆን፥ በልጅነቱ ጊዜ ነው።

በሚያዝያ አንድ ቀን ዘገየ። «ዶሪን ራይት አይደለችም» አለ።
ምን አጠፋች? አልኩ በልቤ፤ ቃሉ ግን ሌላ ነገር አዘለ።
እኔ በምወለውለው ፎቅ ላይ ነበረች፤ ስሟን ከራስጌዋ አነበብኩ ሌሊት፤
መወልወያዬን በቀስታ ገፋሁ፥ ባልዲዬን አንጠልጥዬ፥
ጎማው እንዳይጮህባት፥ እንዳልቀሰቅሳት።

ሦስት ሳምንት ቀረ። በአራተኛው መጣ፤ ሸሚዙ አልተተኮሰም።
«እግዜር ያጥናህ» የሚለውን በነሱ ቋንቋ አላውቀውም፤
በአማርኛ አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ፤ ምን ማለት ነው ብሎ አልጠየቀም።
ሞተሩ እንደጠፋ ቆየን። ዝናብ እንኳ አልነበረም።

ከዚያ ጉልበቱን በመዳፉ መታ፥ ቀስ ብሎ፥
«ራይት» አለ።

ቀኝ አልነበረም። ልክም አልነበረም።
መብት እንዳልል፥ ማን ይሰጠዋል?
ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው፥ ሲመሽ ጋቢውን ሰብስቦ፥
ሊነሣ አስቦ መነሣት ሲያቅተው የሚላት ቃል ናት፤
«እንግዲህ» ነበረች።

መስታወቱን አየሁ። ቁልፉን አዞርኩ።
ወዴት እንደምሄድ አልነገረኝም፤
ቁልቁለቱን ቀጥ ብዬ ወረድኩ።