የላሚሶ መጋረጃ

ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ
ጠባብ ፎቶ ቤት ነበር፣ በሩ የሚንገዳገድ።
ከውስጥ በኩል፣ ከኋላው ግድግዳ፣
አቡጀዲ ላይ የተሳለ ደሴት፣ ለሐዋሳ ሁሉ እንግዳ፤
ጥርሳም ግንብ፣ ከግንቡ ሥር አሸዋ፣
ከአሸዋው ፊት ባሕር፣ ማዕበል የሌለው፣ ጨዋ፤
ከወደቡ አፍ ሁለት ዓምድ፣
በየዓምዱም ላይ አንድ አንድ
አባ ኮዳ፣ ራሰ መላጣ፣
አንገቱን ቀብሮ የቆመ፣ የዓሣ አንጀት እስኪመጣ።

“ሮዶስ ነው” ይል ነበር ላሚሶ፣ ብሩሹን በጋዝ እያጠበ።
“ሙሴ ስታማቲ ትቶልኝ ሄደ፣ ወፍጮው በዐዋጅ ሲወረስ፣
ያችን ፖስት ካርድ ብቻ፤ ሳቅ ሳቅ እያለው ሲያለቅስ።”
ካርዷ በእጅ ብዛት ደብዝዛ፣ ማዕዘኗ ተልጦ፣
ግንቡ ብቻ ይለያል፣ ሌላው ወደ ግራጫ ተለውጦ።

እኔም እዚያ ተነሥቻለሁ፣ ስምንተኛን ባለፍኩ ጊዜ፣
በወንድሜ ኮት፣ በቫዝሊን በተለቀለቀ ወዜ።
እህቴ ባሪሴም በቬሎ፤
ጎረቤታችን ወታደሩም፣ ሊዘምት ሲል ዋዜማውን፣
ግንቡን ተደግፎ፣ ለእናቱ ትቶ መልኩን።
ግማሽ ሐዋሳ ሳይሳፈር ሮዶስ ደርሶ ተመልሷል፤
ደርሶም “አትንቀሳቀስ፣ ቀና በል” ተብሏል።

ዘመን ሄደ። የዓሣ ነገር ተማርኩ፣
በሐይቃችን ቆሮሶ እየመዘንኩ እየቆጠርኩ።
ለስብሰባ ላኩኝ፤ አራት ቀን ስለ መረብ ቀዳዳ ስናወራ፣
በአምስተኛው ለቀቁን። ገባሁ ብቻዬን፣ በግንቡ በር፣ ያለ መሪ፣ ያለ ካሜራ።
ጠጠሩ ከእግሬ ሥር እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድሮ፣
ጥቁርና ነጭ፣ ጥቁርና ነጭ፣ በስንት ሰው ጫማ ተሞርዶ ኖሮ፤
ፈረሰኞች የወጡበት ዳገት፣ በየበሩ የድንጋይ ጋሻ፣
ከሥሩ አንዲት ድመት፤ ገላመጠችኝ፣ እንደ ሐበሻ።
ግንቡ የማር ቀለም ነው፤ ላሚሶ ቡኒ ነበር የቀባው።
ባሕሩም ጨዋ አይደለም፤ ዳርቻውን ይነክሳል፣ ይተፋል።
ከጃንጥላ ሥር ሰው ሁሉ፣ እንደ ቋንጣ ተሰጥቶ፣
ዘይት ይቀባባል፣ ገልበጥ ይላል፣ በሆዱ ተኝቶ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም።
በዚያ ሁሉ ድንጋይ መሐል እኔን የሚያውቅ አንድም የለም።
ወደ ወደቡ ፈጠንኩ፤ ዓምዶቹ አሉ፣ ሁለቱም አሉ፤
ከላያቸው ግን አጋዘን፣ ቀንዳሙ ወንድና ሴቷ፣ ባሕር የሚጠብቁ ይመስላሉ።
አጋዘን! አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ከተማ ተሳስቶ፣
የደበዘዘ ካርድ አምኖ፣ ከአሞራ ጋር ፎቶ ተነሥቶ!

ላሚሶን አገኘሁት አሞራ ገደል፤ ፎቶ ቤቱ ከተዘጋ ሰንብቷል።
አንድ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ የዓሣ ሾርባ ፉት ይላል።
“አጋዘን ናቸው” አልኩት፣ ስልኬን ወደ ደኅናው ዓይኑ አስጠግቼ።
“አውቃለሁ” አለ። “ስታማቲ ነግሮኛል፣ ያኔውኑ፣ ጠይቄው ነበር።
ግን ሰው በሰው አገር ሲቆም ፊቱ ይጠፋዋል፤
አላየህም? ካሜራ ፊት እንደ ተከሳሽ ይደርቃል።
የሚያውቀው አንድ ነገር ከጎኑ ይቁምለት ብዬ ነው።”

ዝም አልኩ። በዚያ ዳገት ላይ፣ አንገቴን ወደ ሰማይ አቅንቼ
ምን ስፈልግ እንደዋልኩ አልነገርኩትም።

አንድ አባ ኮዳ ቀረብ አለ፣ ገፋ አደረገው በእግሩ።
“ውሃውስ?” አለኝ። “እሱ ብቻ አልሆነልኝም፤
ሰማያዊ ቀባሁ፣ አረንጓዴ ደረብኩ፣ ሐይቃችንን መሰለብኝ በመጨረሻ።”
ከኪሴ ጠጠር አወጣሁ፣ ነጭ፣ ከዳርቻው ያነሣኋት።
በሁለት ጣቱ አገላበጣት፣ በሸሚዙ ጫፍ ሊጠርጋት ብሎ ተዋት፤
ከዚያ ግራ ቀኙን አይቶ፣
በምላሱ ጫፍ ነካት።