ባዶ መሆኑን ስለማረጋገጥ

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ ፎቁ አልቆ ሜዳው ሲጀምር፣
ከወፍጮ ቤት ጎን ናት ሱቄ፣ ከደረጃው ሥር።
አሮጌ ኮምፒውተር ገዝቼ፣ አጥቤ እሸጣለሁ፤
ማጠብ ስል በውሃ አይደለም፤ ቆዩ፣ እነግራችኋለሁ።

ሰው ሁሉ ዴሊት ነክቶ፣ ቅርጫቱን ባዶ አድርጎ፣
«ጠፋ» ይለኛል በኩራት፣ አቧራውን ጠርጎ።
አልጠፋም። የጠፋው ስሙ ነው፣ ከመዝገብ የተፋቀው፤
ሰውዬው እቤቱ ቁጭ ብሏል፤ ቀበሌው ነው የማያውቀው።
ጮሌ ልጅ፣ በነፃ ፕሮግራም፣ በአንድ ሌሊት ቆፍሮ፣
ደመወዛችሁን፣ ምርመራችሁን ያወጣዋል፣ ከነአፈሩ ዘርዝሮ።
ያን ነዋሪ ለማስወጣት ነው ጥቁሩን መስኮት መክፈት፣
ማውስ የማያዝበትን፣ ፊደል ብቻ የሚያዝበት።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ ወዳጆ፣ ዴስክቶፑን ባጃጅ ላይ ጭኖ፣
መጣ፤ ዳንቴሉን እንኳ አላነሳም፣ እንደ ቤቱ ሸፍኖ።
ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከፍርድ ቤቱ በር ማዶ፣
ማመልከቻ ጽፎ ኖሯል፣ ከኪቦርድ ጋር ተጠምዶ።
ለከሳሽም የጻፈው እሱ፣ ለተከሳሹም እሱ ነው፤
የአንዱን ለቅሶ ለአንዱ ሳይነግር፣ በየፎልደሩ የከተተው።
ፍቺ፣ ውርስ፣ የቦታ ካሣ፣ «አባቴ ነው» ያለች ልጅ፣
«አላውቃትም» ብሎ የካደ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው እጅ።

«ዐይኔ ደክሟል፤ ዕቃው ይሸጥ። ዋጋ አልከራከርህም።
በውስጡ ያለው ገመና ግን የኔ አይደለም፤ አልሸጠውም።
ሲጠፋ ቁጭ ብዬ አያለሁ።»
ዳንቴሉን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ በርጩማ ሰጠሁት፤
ዲስኩን ፈትቼ፣ ከኔው ማሽን በገመድ አገናኘሁት።

የዲስኮቹን ስም ጠራሁ፤ ሁለት መስመር መጣ፤
ኤስዲኤ የኔ፣ ኤስዲቢ የሱ፤ የአንዲት ፊደል ጣጣ።
አምና፣ በእንቅልፍ ልቤ፣ «ቢ»ን በ«ኤ» ተሳስቼ፣
የገዛ ልጄን የክርስትና ፎቶ ባዶ አድርጌያለሁ፣ ኢንተር መትቼ።
ትእዛዙ «እርግጠኛ ነህ?» አይልም። «ወዮልህ» አይልም። ዝም።
ስለዚህ፣ ሦስቴ ካላነበብኩ፣ ጣቴን አላዝዝም።

ሽሬድ ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስት ዙር ዝባዝንኬ፣ መጨረሻ ዜሮ፤
ዲስኩ መሽከርከር ጀመረ፣ ከጎረቤት ወፍጮ ጋር አብሮ።

ቀትር ላይ፣ ሁለተኛው ዙር ስልሳ ሦስት በመቶ ሲል፣
መብራት ሄደ። ወፍጮው ዝም።
ወረፋ የያዙት ሴቶች «ኤዲያ!» ሲሉ፣ እሱ ምንም ሳይል።
«ነገ ይምጡ» አልኩት። «ግማሽ የጠፋ ምስጢር ከሙሉው ይብሳል፤
ግማሹን ያየ ሰው፣ ሌላውን ከልቡ ይጨምራል።»
ዳቦ ገዝቼ ተካፈልን፣ ባጃጆች በአቧራው ሲነጉዱ፤
«ሰዎች» አለ፣ «ሲካሰሱ ነው አጥብቀው የሚዛመዱ።»

ዘጠኝ ሰዓት መጣ መብራቱ። ከመጀመሪያው አስነሣሁት።
ቆየና፣ «አንዲት ማመልከቻ ነበረች» አለ፣ «የራሴ። ያላስገባሁት።»
«በማን ላይ?» ስል፣ «በወንድሜ፤ እሱም ሞቷል አሁን።»
«አትመለስም፣ ጋሽዬ፤ ዙሩ አልፏታል።»
«ይሁን» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ «ይሁን።»

አራት ሰዓት ተኩል፣ ማታ፣ ጅብ ከሜዳው ሲጮህ፣
አለቀ። «አሳየኝ» አለ፤ «በአፍህ ብቻ አላምንህ።»
የዲስኩን ሆድ ከፍቼ አነበብኩለት፤ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ፤
ከሥሩ አንዲት ኮከብ፤ «ከዚህ በኋላ ያው ነው» ማለት ነው፣ ተቆጥሮ ተቆጥሮ።

«በጽሑፍ ስጠኝ።» እኔ ደብዳቤ አላውቅ፤ እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደ፤
ከደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ ቀጥ ባለ እጁ፣ እንዲህ እያለ ወረደ፦

«ጉዳዩ፦ ባዶ መሆኑን ስለማረጋገጥ።
እኔ ስሜ ከግርጌ የተጠቀሰው፣
ቁጥሩ ከላይ በተገለጸው ዕቃ ውስጥ
የባልም የሚስትም፣ የከሳሽም የተከሳሽም፣
የወንድምም
ቃል እንደሌለ፣ በዐይኔ አይቼ፣ በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»

«ከሰላምታ ጋር» የምትለዋን እንኳ አልተዋት።
ፈረምኩ። ገንዘቡን ሳይቆጥር ኪሱ ጨመረ፤
ወረቀቷን ግን ሁለቴ አነበባት።