በክፈፍና በክፈፍ መሐል

አራሚ ነኝ፤ አራት ኪሎ፣ ማተሚያ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ፤
ቀኑን ሙሉ በሰው ቃል ላይ ቀይ እስክሪብቶ ስሰብቅ
ምሳ ሰዓት ሲደርስ ዓይኔ ፊደል ይጠላል፤
እንደ ነፍሰ ጡር «ሥዕል፣ ሥዕል» ይለኛል።
ስለዚህ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ፣ ከሙዘይን፣ ፒያሳ፣
በቀን አሥር ብር እከራያለሁ፤ ጥግ ላጠፈ ቅጣቱ ሳንቡሳ።

በዚህ ወር አራት አነበብሁ።

መጀመሪያ ካባ ለባሹን።
ጅማት በጅማት ተሥሏል፤ ጥርሱ እንኳ ጡንቻ አለው።
በከተማችን ላይ በረረ ይላል፤ ሜክሲኮን ሲያልፍ ግን
አንዲት የመብራት ሽቦ አልያዘችው፣ አንድ ጭልፊት አልገፋው፤
የሚያድናቸውን ሰዎች ፊት መሣል ሠዓሊው ረሳው።
መቶ አርባ ገጽ ሙሉ አዳነን፤ አንዳችንንም አላየን።
«እንዴት ነው?» አለኝ ሙዘይን።
«ወረቀቱ ጥሩ ነው» አልሁት። ገባው።

ሁለተኛው ከሩቅ ምሥራቅ፣ አንድ ቃል የሌለው፤
ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚነበብ ኖሯል፤ ማን ነግሮኝ!
እኔ በአገሬ ልማድ ጀመርሁት፦
ሽማግሌው ከመቃብሩ ተነሣ፣ ሳሉ ለቀቀው፣
ጥላው የሄደች ሚስቱ በጀርባዋ እየተራመደች ገባች፣
የሰበረችው ሳህን ከወለሉ ተለቃቅሞ እጇ ላይ ገጠመ፤
ወጣት ሆኑ፤ ከዚያ ሳይተዋወቁ
ባቡር ጣቢያ ውስጥ ተላለፉ።
«ተሳስተሻል እኮ» አለ ሙዘይን፣ ሣቅ እየተናነቀው።
በትክክሉ ደገምሁት። ደኅና ነው። ያስለቅሳል።
የኔው ስሕተት ግን ይበልጣል፤
ይህን የምለው ሃያ ሁለት ዓመት ስሕተት ሳርም ኖሬ ነው።

ሦስተኛው አሥራ ስድስት ገጽ፣ ፎቶ ኮፒ፣ በስቴፕለር የተያዘ።
ኢዮስያስ የሚባል የቀበና ልጅ ነው የሣለው፤ ስለ ታክሲ ረዳት።
እጅ መሣል አይችልም፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ከትቷል፦
ተሳፋሪው፣ ትራፊኩ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር የቆመው ሥራ ፈላጊ፤
ረዳቱ እንኳ ሒሳብ የሚሰበስበው በክርኑ ይመስላል።
ሣቅሁ። ከዚያ አደባባዩ ዳር ቆሜ ቆጠርሁ፦
ከሠላሳ ወንድ የሃያ አንዱ እጅ ኪሱ ውስጥ ነው።
ያየውን ይሆን የሣለው፣ ያቃተውን? እንጃ።
የታክሲው በር ሲዘጋ ደግሞ «ጓ!» ይላል፣ ገጹን ሞልቶ፤
የፊደሏ እግር ተቆልምሟል፣ በሩ እንደ ቀረጠፋት።
ስንት ሚሊዮን ፊደል አይቻለሁ፤ ስትጮኽ የሰማኋት እሷን ብቻ።
ሦስት ግድፈት አለበት። እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤ መለስሁ።

አራተኛው ወፍራም ነው፣ ጥቁር፤ የሌላ አገር ጦርነት።
በአንዱ ክፈፍ በር ይንኳኳል፤ እናት ቀና ትላለች።
በሚቀጥለው የተነጠፈ አልጋ፤ ከሥሩ ጫማ የለም።
መሐላቸው የገለባ ውፍረት ያላት ነጭ መሥመር።
ልጁን ማን ወሰደው? በምን? ጮኾ ነበር?
ተናደድሁ፤ ሠዓሊው ገንዘቤን የበላ መሰለኝ።
«ይህ ስንፍና ነው» ልለው ማክሰኞ ለሙዘይን ይዤለት ሄድሁ።

ሐሙስ ዕለት፦ ሙዘይን በርጩማው ላይ፣ መነጽሩ በክር ታስሮ፣
«ጥጉን እንዳታጥፊ» ሲል።
ማክሰኞ፦ አረንጓዴ ቆርቆሮ፤ ከላዩ ሰማይ፤
እዚያ ሰፈር ያን ያህል ሰማይ መኖሩን አላውቅም ነበር።
መሐላቸው ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ፤
የገለባ ውፍረት።

«መጽሐፍ አከራዩ ወዴት ሄደ?» አልሁት ጥበቃውን።
«እኔ ትናንት ነው የተቀጠርሁት» አለ፣
እጁ ኪሱ ውስጥ።

መጽሐፉ እኔ ጋ ነው። ኪራዩ ዛሬ አርባ ሰባት ቀን ሞላው።
ያቺን ገጽ፣ ያቺን ነጭ መሥመር ያለችበትን፣
ጥጓን ዐውቄ አጠፍሁ።
ሳንቡሳ አለብኝ።