መብራት እስኪመጣ

ፍኖተ ሰላም ነው፤ ከመናኸሪያው ጥግ፣
ምኒችል ቪዲዮ ቤት ገባሁ ልሸሸግ፤
ከዝናብ አይደለም፤ ከጠረጴዛዬ፣
አሥራ ሁለት ገጽ ላይ ከቆመው ሥራዬ።

ሦስት ነን በአዳራሹ፤ አንዱ ያንኮራፋል፣
አንዱ የሽንብራ ቆሎ ቀጭ ቀጭ ያደርጋል።
የፊልሙ ስም ጠፍቷል፣ ልጣፉ ተልጧል፣
«ማንም አይወደው» ሲል ምኒችል ነግሮኛል፤
«ሰው አይሞትበትም፣ ጥይት አይጮኽበት፣
ይኸ ምን ፊልም ነው? ዝም ብሎ መቸክቸክ፣ ዝም ብሎ መጎለት!»

አንድ ጸሐፊ አለ፤ ግድግዳው ወረዛ፣
መስኮቱ አንድ ብቻ፣ እግሩ የላላ ጠረጴዛ።
ማታ ይሰርዛል፤ ጧት ሲነሣ ደግሞ፣
የሰረዘው ሁሉ ይጠብቀዋል ቆሞ፤
እጁ የራሱ ነው፣ ቀለሙም የራሱ፣
ቃሉ ግን የሌላ፣ ሌሊት ሰተት ብሎ የገባ በራሱ።

ይህንን አውቃለሁ። ቅኔ ቤት እያለን፣
ልሳነወርቅ ነበር ጎጆ የሚጋራን፤
አንድ ሌሊት ጠጣ አብሾውን ጨልጦ፣
እስኪነጋ ድረስ ዘረፈ ተቀምጦ።
ጧት ብንደግምለት ያንኑ ቅኔውን፣
«ረቂቅ ነው!» አለና ጠየቀን ባለቤቱን።
ዛሬም ይጠይቃል ሞጣ ገበያ ላይ፣
የስኳር መጠቅለያ፣ ቁራጭ ጋዜጣ ሲያይ፤
«የማን ነው? የማን ነው?»

ሰውዬው በፊልሙ ቁም ሣጥን ውስጥ ገባ፣
ሌሊት የሚጽፈውን አድፍጦ ሊያደባ።
በሩ ሲጢጥ አለ። ወንበሩ ተሳበ።
ጀርባ ብቻ ይታያል፤ ብዕሩን አነሣ፣ ገጹን አቀረበ፣
አሁን ሊዞር ነው፣ ሊዞር…
መብራቱ ድርግም አለ።

«ኤጭ!» አለ ምኒችል። ክብሪት ጫረ፣ ጠፋ።
«አለቀ?» አለና ነቃ ያንኮራፋው።
«ነገ ታሳየናለህ?» አልኩት በጨለማ።
«ነገማ ካሴቱ ላይ የእነ ትሁኔን ሠርግ ልቀዳበት አይደል!»

ከተማው ዳፍንት ነው፤ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት፣
አንዲት መስኮት ብቻ ኩራዝ ይታይባት።
የኔ ናት መስኮቷ። ብቻዬን ነው ያለሁ፤
ቁልፌን ከኪሴ ውስጥ ዳበስኩት፤ ይዣለሁ።
ላንኳኳ ብዬ እጄን አነሣሁ፣
አወረድኩ።

የብዕር ጭረት ነው፤ አይሰርዝም፣ አይቆምም።
ምን አባቴ ላድርግ?
ከቆርቆሮው ጠብታ ሥር ተለጥፌ ቆምኩኝ፤
አሥራ ሦስተኛው ገጽ ሳይደርስ አይቀርም።