አርባ እጁ አስፋልት

በናሪን ከተማ፣ ከወንዙ ድልድይ ሥር፣
ጎማ ስሸጥ ኖርኩኝ፣ ሠላሳ ዓመት ሲዞር።
አንዲት ነገር ብቻ፣ ጠንቅቄ የማውቃት፦
ጎማ ስትገዛ፣ መንገድህን ጠይቃት።

ይህን እያወቅሁ ግን አፌን ዘጋሁት፣
በግንቦት መባቻ፣ አይዚረክ የመጣች ዕለት።

ሥራዋ በግ መከተብ ነው። ከኮርቻዋ ኋላ
የክትባት ሳጥን አለ፣ በበረዶ የተሞላ፤
ጠዋት በአስፋልቱ፣ ከሰዓት በጠጠር፣
ከወንዙ ማዶ እስከ ነጭ ድንኳኖች ሰፈር።

ያነሳችው ጎማ ልሙጥ ነበር፣
ጎኑን ቀይ መስመር የከበበው፣
ቀላል፣ በአንድ ጣት የሚንጠለጠል።
ዋጋውም ቀላል።
«ይሄ ይሆነኛል?» አለችኝ።
የበረዶውን ወራት ሙሉ በሬን የገፋው ነፋስ ብቻ ነው፤
የመብራት ሂሳቡ መሳቢያዬ ውስጥ ተጣጥፎ ተኝቷል።
«ይሆንሻል» አልኳት።
አንድ ቃል ናት። ከአንድ ጠጠር አትከብድም።

በዘጠነኛው ቀን ማታ ተመለሰች፣
ብስክሌቷን እንደ ታመመ ጥጃ እየደገፈች።
የኋላው ጎማ ጎኑ ተቀዷል፤
ሁለት ጣት የሚያስገባ አፍ፣ ድንጋይ የከፈተው።
አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር በእግሯ።
ሁለት መቶ አርባ በግ ሳይወጋ አድሯል።
አልጮኸችም። ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና
ከፍታ ውሃውን አሳየችኝ።
ውሃውን ብቻ።

ወንበር ሰጠኋት።
ያኔውኑ መጠየቅ የነበረብኝን ጠየቅኋት፦
«ከመቶ እጁ ስንቱ አስፋልት ነው?»
«አርባው።»
«ኮረኮንቹስ? ደቃቅ ነው ወይስ ጡጫ የሚያህል?»
«እስከ ወፍጮው ደቃቅ። ከዚያ በላይ ጡጫ።
ገደሉ አፋፍ ላይ ያለውማ ስምም የለው።»
«ጭቃ?»
«ዝናብ የጣለ ለታ፣ እስከ ፔዳሉ።»
«አንቺና ሳጥኑ ስንት ትመዝናላችሁ?»
ሳቀች፤ በዚያ ምሽት የመጀመሪያዋ ሳቅ።
«የሳጥኑን ልንገርህ፦ አሥራ አንድ።»

ጥርሱ የበዛ ጎማ፣ ተራራ ይወዳል፤
አስፋልት ላይ ግና፣ እንደ ንብ ያጉረመርማል፣
ጉልበትሽን በልቶ፣ እሱም ቶሎ ያልቃል።
ጥርስ የሌለው ደግሞ፣ አስፋልት ላይ ይከንፋል፤
ኮረኮንች ሲገባ፣ ቃሉን ያጥፋል።
መሐለኛውን ያዢ፦ ወገቡ ልሙጥ፣
ዳርና ዳሩ ጥርስ፣ ስትታጠፊ የሚቆነጥጥ።
ስስታም አትሁኚ በስፋቱ፤ አርባ ሁለት ይሁን፤
ሰፊ ጎማ ትራስ ነው፣ ይውጣል ድንጋዩን።
ጎኑን በጥፍርሽ ጫኚው፤ ወረቀት ከመሰለሽ ተዪው፣
እንደ አሮጌ ቦት ጫማ እምቢ ካለሽ ያዢው።

በእጇ መዘነችው። «ይከብዳል» አለች።
«ይከብዳል» አልኳት፤ «ግን ይሸከምሻል እንጂ አትሸከሚውም።»

ገንዘቧ ለአንድ ብቻ ነበር። ለአንዱ ከፈለች።
ሁለተኛውን ከግንቦቱ ቃሌ ላይ ቀነስኩት፤
ደረሰኝ አልጻፍኩለትም።
ልጄ ኡርማት በፋኖስ ገጠመላት፤
ለፊቱ ጥርሱ ረዘም ያለውን፣ መንገዱን የሚነክሰው እሱ ነውና፣
ለኋላው ጎኑ የጠነከረውን፣ ሳጥኑን የሚሸከመው እሱ ነውና።
ስለ ንፋሱም ነገርኳት፦
አስፋልቱ ሲያልቅ ትንሽ አስተንፍሺ፤
ስትመለሺ እዚያው ቁሚና ሙዪ።
ስንፍና ካሸነፈሽ ግን፣ ጎማውን አትውቀሺ።

አሁን መስከረም ነው፤ በጎቹ እየወረዱ ነው።
ትናንት በበሬ ስታልፍ ደወሏን መታችልኝ፤ አልቆመችም።
የኋላው ጎማ ወገቡ ላይ ትንሽ ደብዝዟል፣ እሱም ወግ ነው።
ባለ ቀዩ መስመርስ?
ከቤቷ ጓሮ፣ የድርቆሹ ክምር ላይ ተጋድሞ
ሸራውን ከነፋስ ይጠብቃል። ለዚያ ይበቃል።

እኔም ከዚያ ወዲህ እጠይቃለሁ።
በጥያቄዬ ሁለት ደንበኛ ሄዶብኛል፤
አንዱ «ሻጭ ነህ መርማሪ?» ብሎ በሩን ወርውሮ ወጣ።
ይሁን።
ሰው ሲገባ ኪሱን ማየት ትቻለሁ፤
ጫማውን ነው የማየው፣
ጭቃው ከየት እንደመጣ።