የመርፌዋ ልክ

ሙሮስ ላይ ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራ፤
የሰርዲን ፋብሪካ በነበረ ጣራ
ሥር ተቀምጠናል፣ እኔና ኤላዲዮ፣
ዛሬም ዓሣ ዓሣ በሚሸት ስቱዲዮ።

ትናንት የቀዳናቸው ስድስት ሴቶች፦
አምስቱ የእጅ ከበሮ መቺዎች፣
ስድስተኛዋ ኦብዱሊያ፤ እሷ
ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል ጉሮሮዋ።

ማደባለቁ ቀረ። በምን እንለካ?
«በመብራት» አልኩ እኔ። «ጫፍ ጫፉን ሲነካ
ያየዋል፤ አይተኛም። ከበሮ ሲፈነዳ
ቀዩ ብልጭ ይላል፤ ይጠይቃል ዕዳ።»

እሱ ያለው መርፌ ነው፤ በመስተዋት ሣጥን፣
የሻይ መልክ ያለው አምፖል የሚያሞቀው ፊቷን።
ቀስ ብላ ትነሣለች፣ ቀስ ብላ ትወርዳለች፣
ለጩኸት አትደነግጥም፤ ትመዝናለች።

«ይቺ ዘገምተኛ!» አልኩት፤ «ከበሮው መትቶ፣
ቤቱ ገብቶ፣ ልብሱን ለውጦ፣ እራቱን በልቶ፣
እሷ ገና ጫማዋን ከአልጋ ሥር ስትፈልግ!»
ሳቀ። «እሺ» አለኝ። «እንዳልከው እናድርግ።»

በመብራቴ ሠራሁ። ቀዩን ፈራሁና
ሁሉን ወደ ታች ጎተትኩት፤ ይኸውና
ሰሌዳው አረንጓዴ፣ ንጹሕ፣ ያለ ነቀፋ፤
የኦብዱሊያ ድምፅ ግን ከከበሮ ቆዳ ሥር ጠፋ።

ኤላዲዮ ተነሣ። እርጥብ ካፖርቱን አውልቆ
መብራቶቼ ላይ ጣለው። ከዚያ፣ ተጠንቅቆ፣
የእሷን ማንሸራተቻ በአንድ ጣት ገፋ፤ ትንሽ፤
ደግሞ ትንሽ፤
መርፌዋ ዜሮ ዘንድ ሄዳ እስክትቆም ድረስ፣
ሄድ፣ መለስ፣ ሄድ፣ መለስ።

«አሁን ካፖርቱን አንሣ» አለኝ። አነሣሁ።
ቀይ። ቀይ። ከበሮው ነው። ዓይኔን አሸሁ።
«የእኔዋ ያላየችውን ያንተው አየ።
ከበሮውን ሁለት ዲሲቤል ዝቅ።
ሴትዮዋን አትንካ።»

ከዚያ፣ ሳልጠይቀው፣ ቀኝ ጆሮውን ነካ፦
«ይህኛው እዚሁ ቀረ፤ ጣሳ ማሸጊያው ሲያንኳኳ።
ለዚህ ነው የመረጥኳት። ፈጣኑን አልደርስበትም፤
ይቺ ትጠብቀኛለች፤ አንድም ቀን ቀድማኝ አታውቅም።»

ካሴት ቢሆን ኖሮ ይጠነጠን ነበር፤ በአንድ ቁልፍ መለስኩት።
ከመጨረሻው ስንኝ ፊት አንድ ነገር ሰማሁ።
መብራት አልበራም።
መርፌዋም ከተኛችበት አልተነቃነቀችም።

አቆምኩ። ኤላዲዮ አፌን አየ። «ምንድን ነው?»
«ትንፋሽ» አልኩት። «ልትጀምር ስትል የሳበችው።
ላጥፋው?»
ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል።
እርሳሱን ከደህናው ጆሮው ላይ አወረደ፤ ይጽፋል፦

መርፌ፦ ዜሮ አካባቢ።
ቀይ፦ ሁለት ጊዜ፤ ታርሟል።
ትንፋሽ፦ ልጁ አለ ብሎኛል። ይቆይ።